350 በእኛ ስንት ነው?

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ በትእዛዝ ኬክና ድፎ ዳቦ እየጋገረች የምትሸጥ የእህታቸው ልጅ። የሚያወሩት እሷ ኩሽና ውስጥ ነው።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ የኬክ አሠራር ልካልኛለች። «ኦቨኑን 350 ላይ አድርጊው» ይላል። የእኔ ኦቨን መጨረሻው 250 ነው።

ጋሼ፦ የእሷ በፋራናይት ነው፣ ያንቺ በሴልሺየስ። 32 ቀንሺ፣ በ5 አባዢ፣ ለ9 አካፍዪ። ከ350 ላይ 32 ሲነሳ 318፣ በ5 ሲባዛ 1590፣ ለ9 ሲካፈል 176 ነጥብ 67።

ልጅቷ፦ ነጥብ ስልሳ ሰባቱን የት ላስቀምጠው? ማዞሪያዬ ላይ 150 አለ፣ ቀጥሎ 200 አለ፣ በመካከላቸው ጭረት እንኳን የለም።

ጋሼ፦ ታጠጋጊዋለሻ!

ልጅቷ፦ ወደየት? አንዱ መጽሐፍ 350ን 175 ይለዋል፣ ሌላው 180። የተሳሳተው የትኛው ነው?

ጋሼ፦ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። 175 ሴልሺየስ 347 ፋራናይት ነው፣ 180 ደግሞ 356። እውነተኛው በሁለቱ መካከል ነው ያለው። አሜሪካኖች የኦቨን ሙቀት የሚቆጥሩት 25 በ25 ነው፤ 325፣ 350፣ 375 እያሉ ይሄዳሉ። በሴልሺየስ የሚጋግረው አገር በ10 ወይም በ20 ነው የሚራመደው። የአንዱ ድፍን ቁጥር ለሌላው ድፍን አይሆንለትም፤ ስለዚህ ሁሉም ወደሚቀርበው ያስጠጋዋል። ከዚያ ያለፈ ምስጢር የለውም።

ልጅቷ፦ እጄ በሊጥ ተለውሶ እያለ በ5 ማባዛት ለ9 ማካፈል ግን አይሆንልኝም።

ጋሼ፦ አቋራጭ አለ። 160 ሴልሺየስ ልክ 320 ፋራናይት ነው፤ እጥፉ ማለት ነው። ሁለቱ መለኪያዎች አንዱ የሌላው እጥፍ ሆነው የሚገኙት እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ነው። የኬክና የዳቦ ሙቀት ደግሞ በእሷ ዙሪያ ስለሆነ እጥፍ ማድረጉ ብዙ አያሳስትሽም። 150ን ብታጥፊው 300 ይሆናል፣ ትክክለኛው 302 ነው። 180 ሲታጠፍ 360፣ ትክክለኛው 356። 200 ሲታጠፍ 400፣ ትክክለኛው 392። 220 ላይ ስትደርሺ 440 ትያለሽ፣ እውነቱ ግን 428 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀት ማውጣት ይሻላል።

ልጅቷ፦ ይህን ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አልነገሩንም?

ጋሼ፦ ፈተና ላይ አይመጣማ።

ልጅቷ፦ ቆይ፣ ከግርጌው ደግሞ «ፋን ያለው ኦቨን ከሆነ 25 ዲግሪ ቀንሺ» ይላል። 25 ፋራናይትን ቀይርልኝ ብዬ ስልኬን ብጠይቀው «ከዜሮ በታች 4» አለኝ። በረዶ ላገባበት ነው?

ጋሼ፦ ስልኩ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። 25 ፋራናይት የአንድ ማለዳ ብርድ ቢሆን ኖሮ፣ አዎ፣ ከዜሮ በታች 4 ነው። ያንቺ 25 ግን ልዩነት እንጂ ሙቀት አይደለም። የዘመን አቆጣጠራችንን አስቢው፤ የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ለመቀየር 7 ወይም 8 እንጨምራለን። እንግዲህ የ25 ዓመት ወጣት ከቦሌ ተሳፍሮ ዋሽንግተን ሲወርድ 33 ዓመት ይሞላዋል?

ልጅቷ፦ ኧረ በጭራሽ! ዕድሜው ያው ነው።

ጋሼ፦ በቃ፣ 32ቱም እንደዚያ ናት። የመነሻ ልዩነት ናት፤ ዕድሜ ላይ አትገባም። ለጭማሪና ለቅናሽ 32ን ረስተሽ በ5 ማባዛቱንና ለ9 ማካፈሉን ብቻ ታደርጊያለሽ። 25 ፋራናይት መቀነስ 14 ሴልሺየስ ገደማ መቀነስ ነው።

ልጅቷ፦ እሺ፣ 14 ይሁን። የእንግሊዝ አሠራሮች ግን በሴልሺየስ 20 ቀንሺ ነው የሚሉት። የማን ልቀበል?

ጋሼ፦ የ20 ሴልሺየስ ልዩነት 36 ፋራናይት ነው፤ ስለዚህ አልተስማሙም። እኔን የሚመስለኝ ሁለቱም በየማዞሪያቸው ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለሳቸው ነው። አሜሪካዊው እርምጃው 25 ነው፣ አውሮፓዊው 20። እዚህ ውስጥ ጥልቅ ሳይንስ አትፈልጊ።

ልጅቷ፦ እኔ 20 እቀንስና ከተጻፈው ደቂቃ ቀደም ብዬ በመስታወቱ ማየት እጀምራለሁ። ሙቀቱንም ሰዓቱንም አንድ ላይ የሚቀንሱ አሉ፤ ኬካቸው መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

ጋሼ፦ ደግ አደረግሽ። ፋኑ ሙቀት እንደማይጨምር ግን ታውቂያለሽ? ውስጡ ያለው አየር ያው 180 ነው። ጸጥ ባለ ኦቨን ውስጥ ሊጡን ስስ አየር ይከበዋል፤ ከሊጡ በሚወጣው እንፋሎት የረጠበ፣ ከቀሪው ቀዝቀዝ ያለ። ሙቀቱ ያንን አልፎ ነው ሊጡን የሚነካው። ፋኑ ሲነሳ ያንን ስስ አየር ይጠርገዋል፤ በዚያው ሙቀት ቶሎ ይበስላል፣ ላዩም ቶሎ ይደርቃል።

ልጅቷ፦ ለዚህ ነው ስፖንጅ ኬክ በፋን የማልጋግረው። ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከስር የሚነሳው ሊጥ መውጫ ሲያጣ ይሰነጥቀዋል። ኩኪስ ሲሆን ግን ያለ ፋን አልሠራም፤ ሁለት ትሪ ከላይና ከታች ደርድሬ እኩል ይበስልልኛል።

ጋሼ፦ በሩ ላይ ያሉት ምልክቶችስ?

ልጅቷ፦ ሰው ሁሉ የሚስተው እነሱን ነው። ከላይና ከታች ሁለት መስመር ካለ ሁለቱም ብረቶች ይግላሉ ማለት ነው። የታች መስመር ብቻ ከሆነ የታቹ ብቻ። ከላይ የተጣመመ ጥርስ መሳይ መስመር ካለ የመጥበሻው ነው፣ ዳቦ አይጋገርበትም። ፋኗን ደግሞ ራሷን ሥለዋታል። የማንም አገር ቁጥር ይምጣ፣ የትኛው ብረት እንደጋለ ካላወቅሁ ቁጥሩ ምንም አይነግረኝም። ድሮ በቡታ ጋዝ ኦቨን ስጋግር እሳቱ ከታች ብቻ ስለነበር 180 ላይ ታቹ ያርርና ላዩ እንደ ነጣ ይቀር ነበር።

ጋሼ፦ እናቶቻችን ይህን ሳይነገራቸው ነው ያወቁት። ድፎ ዳቦ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ተደፍቶ፣ ላዩም በኮባ ተሸፍኖ፣ ብረት ምጣድ ይከደንበትና በክዳኑ ላይ እሳት ይደረግበታል። ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት። ያንቺ ባለ ሁለት መስመር ምልክት ይኸው አይደለም?

ልጅቷ፦ ነው እንጂ! ኮባው ደግሞ እርጥበቱን ስለሚይዝ ላዩ እንዳይቸኩል ያደርገዋል። ድፎ ዳቦ በፋን የሚጋግር ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል። ውፍረቱን እያዩ! ላዩ በግማሽ ሰዓት ይጠቁራል፣ መሀሉ ገና አልሰማም።

ጋሼ፦ ለንደን ያለችው ደንበኛሽስ? «ጋዝ ማርክ 4» የምትልሽ።

ልጅቷ፦ እሷማ ጭራሽ ዲግሪም የላት።

ጋሼ፦ አለው፣ ተደብቆ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጋዝ ምድጃ ላይ ሙቀት መቆጣጠሪያ ሲገጥሙ በዲግሪ ፈንታ ተራ ቁጥር ሰጡት። ማርክ 1 ማለት 275 ፋራናይት ነው፤ ከዚያ በየማርኩ 25 ይጨመራል። ስለዚህ 4 ሲሆን 350፣ ያው የእህትሽ ቁጥር ነው። 6 ሲሆን 400፣ ያንቺ 200 በይው። ፈረንሳዮችም የራሳቸው አላቸው፤ የእነሱን በ30 ስታባዢው ሴልሺየስ ይመጣል፤ 6 ካሉሽ 180።

ልጅቷ፦ ስለዚህ 350 ፋራናይት፣ ማርክ 4፣ የፈረንሳይ 6፣ የእኔ 180፣ በፋን 160። ሁሉም አንድ ኬክ ነው። አሁን እኔ ልጠይቅዎ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የእኔ ማዞሪያ እውነት ይናገራል ብለው ያምናሉ?

ጋሼ፦ ምነው፣ አዲስ አይደለም እንዴ?

ልጅቷ፦ ቢሆንስ። ኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ቴርሞሜትር ገዝቼ ብሰቅልበት፣ 180 ላይ አድርጌው 205 አነበበልኝ። ለዚያውም ከኋላ በግራ በኩል ያለው ጥግ ከዚያም ይብሳል፤ ትሪውን በግማሽ ሰዓቱ ካላዞርኩት አንድ ወገኑ ይጠቁራል። እርስዎ ነጥብ ስልሳ ሰባት ይላሉ፣ እኔ ከ25 ዲግሪ ጋር ነው የምታገለው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ተረታሁ። በዚያ ላይ መቆጣጠሪያው ሙቀቱን ባለበት አያቆመውም፤ ብረቱ ይግላል፣ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይግላል። የቤት ኦቨን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ሲል ጤነኛ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በስኳር ሊፈትነው ይችላል። ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጥቂት ስኳር ፎይል ላይ በትነሽ 175 ላይ 15 ደቂቃ ብታቆይው መቅለጥ የለበትም፤ 190 ላይ ግን መቅለጥ አለበት። 175 ላይ ከቀለጠ ኦቨኑ ከተባለው በላይ ይግላል፤ 190 ላይም ካልቀለጠ ሰንፏል።

ልጅቷ፦ ስኳር በዚህ ዋጋ!

ጋሼ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ናት እኮ።

ልጅቷ፦ ሌላም አለ። ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ ኦቨኔ ይደክማል። ትናንት የበሰለው በዚያው ደቂቃ ዛሬ አይበስልም።

ጋሼ፦ መብራቱ ስለሚወርድ ነዋ። የብረቱ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፤ በቮልቴጁ ካሬ ነው። 220 መሆን የነበረበት ወደ 190 ቢወርድ ከኃይሉ ሩብ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ወደ 180 ዲግሪ ይደርስ ይሆናል፣ ግን ይዘገያል። በሩን ከፍተሽ ሊጥ ስታስገቢ የወጣውን ሙቀት ለመመለስም ይንቀራፈፋል። እንዲህ ባለ ማታ የማሞቂያውን ጊዜ አርዝሚ፣ በሩንም ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ።

ልጅቷ፦ እሱን በልምድ ነው የማደርገው። የማይገባኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ አሠራር ቃል በቃል ስከተል ኬኩ ውስጥ ሳለ ያምራል፣ ከፍ ይላል፤ ከዚያ መሀሉ ይጎደጉዳል። እህቴ ጋ ግን አይጎደጉድም።

ጋሼ፦ አሁን ወደ እኔ ሜዳ መጣሽ። ፋራናይት ዳንዚግ የተወለደ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1724 ለሕዝብ ሲያሳውቅ ዜሮን ያደረገው የበረዶና የጨው ድብልቅ ቅዝቃዜ ላይ ነው። ሴልሺየስ ስዊድናዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1742 የውሃን መፍያና መርጊያ ይዞ መካከሉን ለ100 ከፈለው። የሚገርምሽ፣ እሱ ዜሮ ያለው የሚፈላውን ውሃ ነበር፣ 100 ያለው በረዶውን። የተገለበጠው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሴልሺየስ ግን አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአየሩ ግፊት ይለዋወጣል። 100 የሚሆነው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው።

ልጅቷ፦ እዚህስ?

ጋሼ፦ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ወርደሽ ብትጋግሪ 96፣ ባሕር ዳር 94 ገደማ። ኦቨኑ 200 ቢሆን እንኳን የዳቦው ውስጥ እርጥበት እስካለው ድረስ ከዚያ ጣሪያ አያልፍም። የሚጠቁረው የደረቀው ላዩ ነው።

ልጅቷ፦ ኧረ! ታዲያ «የዳቦው መሀል 200 ፋራናይት ሲደርስ አውጪው» የሚለውስ? ቴርሞሜትሩን ሰክቼ ቆሜ ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ አልደርስ ብሎ ዳቦው ድርቆሽ ሆኖ ነበር።

ጋሼ፦ 200 ፋራናይት 93 ሴልሺየስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃው ራሱ ከዚያ በታች ፈልቶ ይጠፋል፤ እስኪደርቅ ካልጠበቅሽ በቀር አትደርሺበትም። እዚህ 88 ወይም 89 ሲሆን አውጪው። አየሽ፣ ይህን ቁጥር በቀመር በትክክል ብትቀይሪውም ለአዲስ አበባ አይሠራም።

ልጅቷ፦ የመጎድጎዱስ ነገር?

ጋሼ፦ የእኛ አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያው ቤኪንግ ፓውደር፣ ያው ጋዝ፣ ግን እዚህ የሚይዘው ቦታ በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። ሊጡ ሳይጠነክር በላይ በላዩ ይነፋል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ ከዚያ ይወድቃል። መድኃኒቱ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመር፣ ኦቨኑን ደግሞ ከ15 እስከ 25 ፋራናይት፣ በእኛ ከ8 እስከ 14 ከፍ ማድረግ ነው፤ ሳይወድቅ ቶሎ እንዲጠነክር።

ልጅቷ፦ ቆይ፣ ቆይ። 176 ላይ 14 ሲጨመር 190። የእኔ ኦቨን ከሚለው 25 ያህል አልፎ ስለሚግል 190 ለማግኘት 165 ላይ ነው የማደርገው። ጋሼ፣ እኔ እኮ ድሮም ማዞሪያውን ከ150 ጥቂት አለፍ አድርጌ ነው የምተወው! ማንም ሳይነግረኝ።

ጋሼ፦ ስንት ኬክ ወድቆብሽ ነው?

ልጅቷ፦ እሱን አይጠይቁኝ። አሁን በሉ፣ ለእህቴ መልስ እንጻፍ። እሷም የድፎ ዳቦውን አሠራር ጠይቃኛለች፣ ለገና ልትጋግር ነው። 350 ልበላት?

ጋሼ፦ አንቺ በስንት ትጋግሪዋለሽ? የማዞሪያውን ሳይሆን የቴርሞሜትሩን ንገሪኝ።

ልጅቷ፦ 190፣ ከላይና ከታች፣ ያለ ፋን።

ጋሼ፦ እሷ ያለችው ለባሕር ወለል ቅርብ ስለሆነ የከፍታውን ጭማሪ እንመልሰው፤ ወደ 177 ይወርዳል፤ እንግዲህ 350 በያት። እርሾውን ግን ካንቺ ትንሽ ከፍ ታድርግ፣ ኩፍ እስኪልም ትታገሥ፤ እዚያ ሊጥ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ውስጡ ደግሞ 200 ፋራናይት ሲደርስ ታውጣው፤ እዚያ ይደረስበታል።

ልጅቷ፦ አንድ ነገር ግን አለ። የአሜሪካ ኦቨን «ቤክ» ሲባል የሚሠራው በብዛት የታችኛው ብረት ነው፤ የላይኛው የሚነሳው «ብሮይል» ሲባል ነው፣ እሱ ደግሞ ይለበልበዋል። ከላይ እሳት ከየት ታመጣለች?

ጋሼ፦ እሱ ከእኔ ሙያ ውጭ ነው።

ልጅቷ፦ እኔ አለኝ። ክዳን ያለው ከባድ የብረት ድስት ይኖራታል። ክዳኑን ብቻውን ኦቨን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ታግለው። ሊጡን በቅጠል ጠቅልላ ድስቱ ውስጥ ታድርግና የጋለውን ክዳን ትክደንበት። ብረት ምጣዱ ማለት ያ ነው። በመጨረሻ ክዳኑን አንስታ ላዩን ታቅላው።

ጋሼ፦ ኮባስ?

ልጅቷ፦ የእስያ ሱቆች የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ይሸጣሉ ብላኛለች። ሳታቀልጠው እንዳትጠቀልልበት ብቻ ጻፉልኝ፤ ይሰነጣጠቅባታል።